ፊልማችንን በዕድሜያችን እንሠራለን

እኛ አስተማሪዎች፣ የሰርግ ቪዲዮ ቀራጮች፣ የማታ ተማሪዎችና የወር ደመወዝተኞች ነን። ልብ ወለድ ፊልም የሚያሠራ ገንዘብ ባንድ ጊዜ እጃችን ገብቶ አያውቅም፤ ይገባልም ብለን አንጠብቅም። ስለዚህ ባለን ነገር፣ በዓመታት፣ ለመሥራት ቆርጠናል። ዘንድሮ አንድ ትዕይንት፣ ከርሞ ሁለት። አሥር ዓመትም ይፍጅ።

መንገዱን እኛ አልጀመርነውም። የፊልም ዳይሬክተሩ ኃይሌ ገሪማ «ጤዛ»ን ለመጨረስ 14 ዓመት ፈጅቶበታል። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ ፊልም ፌስቲቫል የዳኞችን ልዩ ሽልማት፣ በዓመቱ ደግሞ ዋጋዱጉ ላይ የፌስፓኮ ፊልም ፌስቲቫልን ታላቅ ሽልማት አገኘ። ይህን የምናነሳው ለዝናው ብለን አይደለም፤ «የዘገየ ሥራ ያረጀ ሥራ ነው» ለሚሉን መልስ ስለሆነ ነው። ያው ሰው የዘውዱ ሥርዓት በወደቀበት ሰሞን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን በሁለት ሳምንት ገደማ ቀርጾታል። እኛም ዝግታን አናመልክም፤ ጊዜው ሩጡ ሲለን እንሮጣለን። እምቢ የምንለው፣ ገንዘብ ያለው ሰው በራሱ ቀጠሮ ሲያሯሩጠን ነው።

ዓመታት ለፊልም የሚሰጡትን ሜካፕ አይሰጥም። አሜሪካዊው ዳይሬክተር ሪቻርድ ሊንክሌተር «ቦይሁድ»ን እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2013 በየጊዜው ጥቂት ቀን እየቀረጸ ሲሠራ፣ ሕፃኑ ተዋናይ በእውነት አድጎ ጎረመሰ። ከተማ ደግሞ ከሰው ፊት ይልቅ ቶሎ ይለወጣል። የአዲስ አበባዎቹ ፒያሳና ካዛንቺስ በወራት ውስጥ እንዴት እንደፈረሱ አይተናል። እኛ የምንጽፈው ድርሰት ይህን የሚችል መሆን አለበት። የቀረጽንበት ሰፈር ከፈረሰ፣ ገጸ ባሕርይዋ ተመልሳ መጥታ ቤቷን ትጣ። ተዋናያችን አረብ አገር ከሄደች ስደቷ የታሪኩ ስደት ይሁን፤ ከዚያ በስልክ የምትልከው ድምፅ ትዕይንት ይሁን። አንዱ ተዋናይ ቢሞትብን በሌላ ሰው አንተካውም። ፊልሙ ለቅሶ ይቀመጣል፤ እኛም አብረን።

ይህ ግን ዝርክርክነትን አይፈቅድም። እንዲያውም የዓመታት ፊልም ከወር ፊልም ይልቅ ጥንቃቄ ይሻል። ሹራቡ፣ ሰዓቱ፣ ጫማው ታጥቦ በአንድ ሻንጣ ይቀመጥ፤ የፀጉሩ ርዝመት፣ የፀሐዩ አቅጣጫ በደብተር ይጻፍ። የተቀረጸው ሁሉ በሦስት ሃርድ ዲስክ፣ በሦስት ሰው ቤት ይቀመጥ። ከሁሉም በላይ ውል ከመጀመሪያው ቀን ይፈረም፤ በነፃ የሠራም ድርሻው በወረቀት ይስፈር። የኃይሌ የዩኒቨርሲቲ (የዩሲኤልኤ) ጓደኛ ቻርልስ በርኔት «ኪለር ኦፍ ሺፕ»ን በቅዳሜና እሁድ፣ ከ10,000 ዶላር ባነሰ ገንዘብ ሠራው። የዘፈኖቹ መብት ስላልተከፈለ ግን ፊልሙ በወጉ ሲኒማ ቤት የገባው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው፤ ተሠርቶ ካለቀ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ሲል። እንዲህ ያለ ፊልም በወረቀት ጉድለት ታግቶ መቆየቱ ዛሬም ያንገበግበናል። ባለቤቱን የማናውቀውን ዘፈን አንነካም።

ገንዘቡስ? እቁብ እንገባለን። በየወሩ የምንችለውን እናዋጣለን፤ ዕጣ የወጣለት ሰው ብሩን ይዞ የራሱን ፊልም ትዕይንት ይቀርጻል፤ ሌሎቻችን በዚያ ሰሞን የእሱ ሠራተኞች ነን። የዛሬው ዳይሬክተር በሚቀጥለው ወር መብራት ይይዛል፣ ምሳ ያመላልሳል። ዕጣ የወጣለት ሰው ከእሱ ይልቅ ለቸገረው መልቀቁም በእቁብ ወግ ያለ ነው። ተዋናይቱ ነፍሰ ጡር ከሆነችና ትዕይንቱ ያን ሆድ ከፈለገ፣ ዕጣው እሷ ለምትሠራበት ፊልም ይለቀቃል፤ ዘጠኝ ወር ማንንም አይጠብቅም።

ፊልሙ ሲያልቅም አከፋፋይ ደጅ አንጠናም። የኃይሌን ፊልም «ሳንኮፋ»ን አከፋፋዮች አንቀበልም ሲሉ፣ እሱና ባልደረቦቹ ዋሽንግተን ውስጥ አዳራሽ ተከራይተው አሳዩት፤ ከዚያ ከከተማ ከተማ ይዘውት ዞሩ፤ ሕዝቡም ተሰልፎ ገባ። እኛም ከወረዳ የስብሰባ አዳራሽ እንጀምራለን። ፕሮጀክተሩን ከእቁቡ እንገዛለን፤ ቲኬቱን በራሳችን እጅ እንሸጣለን፤ የመጀመሪያውን ረድፍ ወንበር ቀረጻው የተካሄደበት ሰፈር ሰዎች ይዘው ይቀመጣሉ።

ካሜራ ያለህ ካሜራህን፣ ድርሰት ያለሽ ድርሰትሽን ይዛችሁ ኑ። ምንም የሌለውም የወር መዋጮውን ይዞ ይምጣ።