የጎመኑ እርሳስ በእቶን ውስጥ ሲጠፋ

ትንሹ አቃቂ ወንዝ በመካኒሳና በላፍቶ በኩል ወደ ደቡብ ሲወርድ የፋብሪካና የመኖሪያ ቤት ፍሳሽ ተሸክሞ እንደሚጓዝ ለንፋስ ስልክ ላፍቶ ነዋሪ የሚነገር አዲስ ነገር አይደለም። በዚሁ ውሃ ለአሥርተ ዓመታት ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ሲለማበት ኖሯል። ፍስሐ ኢታና በአዲስ አበባ የሚበቅሉ ቅጠላ ቅጠሎች በውስጣቸው ስለያዟቸው ብረታ ብረቶች ያካሄዱትን ጥናት እ.ኤ.አ. በ2002 በኢትዮጵያ የጤና ልማት መጽሔት አሳትመዋል። ከዚያ ወዲህም ጉዳዩ የብዙ ተማሪዎች የመመረቂያ ርእስ ሆኗል። ይህን መሰል ጽሑፍ ሳነብ ዘወትር የምፈልገው አንዲት ዐረፍተ ነገር አለች፤ «ናሙናው በ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ተቃጠለ» የምትለዋን። ብዙውን ጊዜ ከእርሷ በላይ የተጻፈ አላገኝም። በዚህ ጸሐፊ እምነት ግን የጥናቱ ዕጣ የሚወሰነው እዚያች ዐረፍተ ነገር ውስጥ ነው።

እንደሚታወቀው አቶሚክ አብዞርፕሽን የተባለው መሣሪያ ቅጠልን እንዳለ ማንበብ አይችልም። ስለዚህ ቅጠሉ ታጥቦና ደርቆ ክሩሲብል በምንላት የፖርሲሊን ጽዋ ወደ እቶኑ፣ በቤተ ሙከራ አጠራር ወደ ፈርነሱ፣ ይገባል። በ450 እና በ550 ዲግሪ መካከል ካርቦኑ ተቃጥሎ ሲያልቅ የሚቀረው አመድ በናይትሪክ አሲድ ይሟሟል። ከ100 ግራም ትኩስ ጎመን የሚገኘው አመድ ቢበዛ 2 ግራም ገደማ ነው። ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ ኮዴክስ ለቅጠላ ቅጠል የፈቀደው የእርሳስ ጣሪያ በኪሎ ግራም 0.3 ሚሊ ግራም በመሆኑ፣ በዚያች አመድ ውስጥ የምንፈልገው የአንድ ሚሊ ግራም ሦስት መቶኛ ያህል ነው። እንግዲህ 0.42 የያዘ ጎመን በእቶኑ ውስጥ አንድ ሦስተኛውን እርሳስ ቢያጣ በሠንጠረዡ ላይ 0.28 ተብሎ ይሰፍራል። ጎመኑ ተበላ ማለት ነው።

እርሳስ እንዴት ይጠፋል? በቅጠሉ ውስጥ ክሎራይድ ካለ የሚፈጠረው የእርሳስ ክሎራይድ በ501 ዲግሪ ይቀልጣል፤ በዚያ አካባቢ እንፋሎቱ ችላ የሚባል አይደለም። ከ450 ወደ 500 ዲግሪ ስንወጣ የእቶኑ ግድግዳ የሚያፈልቀው ጨረር የሚጨምረው በ30 በመቶ ያህል ሲሆን የክሎራይዱ የእንፋሎት ግፊት ግን በብዙ እጥፍ ያድጋል። ያልተነነውም ቢሆን ከጽዋዋ ብርጭቋማ ልባስ ጋር ተዋሕዶ ለአሲዱ እምቢ ሊል ይችላል። ካድሚየምም ከከሰሉ የተነሣ ወደ ንጹሕ ብረትነት ከተመለሰ ለመትነን የተጋለጠ ነው። ስለ ሜርኩሪ ማውራት አያስፈልግም፤ በ357 ዲግሪ ስለሚፈላ ከክፍት እቶን አመድ ሜርኩሪ የሚፈልግ ተማሪ ጭሱን ተከትሎ ቢሄድ ይሻለዋል።

በውጭ አገር ለዶክትሬት ስማር የመጀመሪያ ሥራዬ አንድን አሮጌ እቶን በቴርሞካፕል መለካት ነበር። ሰሌዳው 500 ይላል፤ በሩ አጠገብ ያለችው ጽዋ ከዚያ በጣም በታች፣ ጥግ ያለችው በላይ ነበረች። መቆጣጠሪያው የሚያየው አንዲት ነጥብ ብቻ ነው። ያን ጊዜ ሥራው የቅጣት ያህል መስሎኝ አኩርፌ ነበር።

በእኛ አገር ሌላም ጣጣ አለ። መብራት ሄዶ ሲመለስ እቶኑ በሙሉ ኃይሉ ይነሣል፤ ገና ያልከሰለው ቅጠል በነበልባል ይያያዝና ሙቀቱ ከተቀመጠለት ልክ ያልፋል፣ ጭሱም ደቃቅ አመድ ይዞ ይወጣል። በማግስቱ ጽዋዎቹን የሚያወጣው ተማሪ ይህን የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

እቶንን ትተን በዝግ ዕቃ ውስጥ በአሲድና በማይክሮዌቭ እናሟሟ የሚሉ ባልደረቦች አሉ። ትክክል ናቸው፤ ነገር ግን መሣሪያው ውድ ነው፣ አሲዱም እንደዚያው። እቶኑ አለን። ስለዚህ አማካሪዎች ከተማሪው ሦስት ነገሮችን ሳያገኙ ጽሑፉን ባይቀበሉ እመርጣለሁ፦ ሙቀቱ የጨመረበትን ፍጥነትና የቆየበትን ሰዓት፣ ባዶዋ ጽዋ የሰጠችውን ውጤት፣ እንዲሁም መጠኑ የታወቀ እርሳስ ከጎመኑ ጋር ተቃጥሎ ምን ያህሉ እንደተመለሰ። መቶ ገብቶ ስድሳ ከወጣ ስድሳ ብሎ መጻፍ ነው። የእቶኑን ጥጋጥግ ለመለካት ደግሞ አንድ ቴርሞካፕልና አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል፤ ቴርሞካፕሉን ከፊዚክስ ቤተ ሙከራ መዋስ ይቻላል።