የአንጎል ዕዳ

የባንክ ሥራ አንድ ነገር አስተምሮኛል፤ ወደ አንዱ ሒሳብ የገባ ከሌላው የወጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ይፋ የሆነ በስዊድን የተካሄደ ጥናት ይህንኑ ሕግ ጋፒ በተባለች ትንሽ ዓሣ አሳይቷል። ተመራማሪዎቹ ዓሦቹን በአንጎላቸው መጠን እየለዩ ቢያራቡ፣ በ2 ትውልድ 9 በመቶ ያህል ልዩነት ተገኘ። ትልቅ አንጎል የታደሉት እንስቶች ብዛትን መለየት በተሻለ ተማሩ፤ አንጀታቸው ግን አነሰ፣ የወለዷቸውም ጫጩቶች ጥቂት ሆኑ።

ውድ አንባቢ፣ ዝግመተ ለውጥን ወደ ብልህነት የሚያወጣ መሰላል አድርገን መሳላችን ስሕተት ይመስለኛል። ተፈጥሮ ታበድራለች እንጂ አትለግስም። ትንሽ አንጎል ያላት ዓሣ ሀብቷን ለሆዷና ለልጆቿ አውላለች፤ ማን ይነቅፋታል? ከክብደታችን 2 በመቶ ገደማ የሆነው የእኛ አንጎልም ከጉልበታችን 20 በመቶ ያህሉን ይበላል። ይህን ያህል የተከፈለበትን አእምሮ በሐሜት ማባከን ግን፣ ከኪሳራ ሌላ ምን ይባላል?