ስለ ነጋዴ መዛልና ስለ ዕረፍቱ

በሰሜን ሸዋ በግሼ ወረዳ በራቤል ከተማ ሱቅ ከፍቶ የሚነግድ ሰው ዕቃውን ከአዲስ አበባ በደብረ ብርሃን በኩል አስጭኖ እስኪያራግፍ ድረስ የሚደርስበት ድካም በንግድ ዓለም ላሉ ሁሉ የታወቀ ነው። ስኳሩና ዘይቱ፣ ሳሙናውና ቆርቆሮው ከመኪና ወርዶ በየቦታው ከተደረደረ በኋላ የሚጀምረው ድካም ግን ብዙ ሲነገርለት አይሰማም። ነጋዴው በደጋው ብርድ ማለዳ ተነሥቶ ይከፍታል፤ ከመሸ በኋላ ይዘጋል፤ ከእራት በኋላ የዱቤውን መዝገብ ይመለከታል፤ ስልኩ ግን ሌሊትም አይዘጋም። በዚህ አኳኋን አያሌ ዓመታት ካለፉ በኋላ አንድ ቀን የሱቁን በር ለመክፈት እጁ እምቢ ሲለው ጎረቤቱ «ሰነፈ» ይለዋል፤ ዘመዱ «ዓይን በላው» ይላል፤ እርሱ ራሱም የሆነውን ነገር አያውቀውም።

ይህ ነገር በሌላው ዓለም ስም ከወጣለት ግማሽ ምዕተ ዓመት ሆኖታል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1974 ኸርበርት ፍሮይደንበርገር የተባሉ የኒው ዮርክ የሥነ ልቡና ሊቅ፣ በነጻ በሚያክም ክሊኒክ ውስጥ በሚሠሩት ባልደረቦቻቸውና በራሳቸውም ላይ ያዩትን መዛል ጽፈው አወጡ። የእንግሊዝኛው ቃል ነዶ ማለቅን የሚያመለክት ነው፤ ጋዙ እንዳለቀ ኩራዝ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ክርስቲና ማስላክ የተባሉ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ መምህርት ከባልደረባቸው ጋር ሁናቴውን የሚለኩበት መንገድ አበጁ። የዓለም የጤና ድርጅትም በአውሮፓ አቆጣጠር በ2019፣ ነገሩ በሽታ ሳይሆን በሥራ ላይ መላ ሳያገኝ ከቆየ ጭንቀት የሚመጣ ሁናቴ ነው ሲል በሦስት ምልክቶች ገለጸው፤ እነርሱም የኃይል መሟጠጥ፣ ልብ ከሥራው መራቁና የሥራው ፍሬ ማነሱ ናቸው።

እነዚህ ምልክቶች በሱቅ ውስጥ ሲገለጡ የራሳቸው መልክ አላቸው። የደከመ ሰው ተኝቶ ሲነሣ ይበረታል፤ የዛለ ሰው ግን ተኝቶም እንደ ደከመ ይነሣል። ቀድሞ በግና የበግ ጠጉር ሊሸጥ ከገጠር የወጣውን ደንበኛ ስለ ከብቱና ስለ ልጆቹ ሳይጠይቅ የማያሰናብት የነበረው ባለሱቅ፣ አሁን መልሱን ወርውሮለት ፊቱን ያዞራል። ሰው ባይመጣ ይመርጣል፤ ሰው ካልመጣ ደግሞ ይበሳጫል። ከሁሉ ይልቅ እውነቱን የሚናገረው የሒሳብ መዝገቡ ነው። ነጋዴ ለሚስቱ «ደኅና ነኝ» ሊል ይችላል፤ መዝገቡ ግን አይዋሽለትም። ዱቤ ተሰጥቶ ሳይጻፍ የቀረ፣ ያለቀው ዕቃ ተረስቶ ያላለቀው ሁለት ጊዜ የታዘዘ፣ የአንድ ሳሙና ዋጋ በአንድ ቀን በሦስት ዓይነት የተሸጠ እንደ ሆነ፣ ስንፍና ነው ከማለት በፊት መዛልን መጠርጠር ይገባል።

በዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያሻል። ድካሙ ከሱቅ አልፎ ቤትም፣ ሠርግም፣ ቤተ ክርስቲያንም የሚከተለው ከሆነ፣ ምግብና እንቅልፍ ከጠፋ፣ ይልቁንም ሰውየው ስለ ሞት ማውራት ከጀመረ ነገሩ የሥራ መዛል ብቻ አይደለምና ሳይውል ሳያድር ሐኪም ማየት ያስፈልገዋል። የደም ማነስ፣ የስኳር በሽታና የእንቅርት ሕመምም ሰውን እንዲሁ ያደክማሉ። ወደ ጠበል መሄዱ መልካም ነው፤ ሐኪም ማየቱን ግን አያስቀርበትም።

ነጋዴ ከሌላው ሠራተኛ ይልቅ ለዚህ ነገር የተጋለጠበት ምክንያት ግልጽ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለተቀጣሪው በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት የማይበልጥ መደበኛ ሥራ፣ በሳምንት ከ24 ሰዓት የማያንስ ያልተቋረጠ ዕረፍት፣ በመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመትም 16 የሥራ ቀን ፈቃድ ሰጥቶታል። ባለሱቁ ግን ለራሱ አሠሪም ሠራተኛም ስለ ሆነ «በቃህ» የሚለው የለም። በቀን 12 ሰዓት ሳምንቱን ሙሉ የሚከፍት ሰው 84 ሰዓት ይሠራል። የዓለም የጤና ድርጅትና ዓለም አቀፍ የሥራ ድርጅት በአውሮፓ አቆጣጠር በ2021 ባወጡት ጥናት፣ በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠሩ ሰዎች ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠሩት ይልቅ በአንጎል የደም ሥር አደጋ የመያዛቸው ዕድል በ35 በመቶ፣ በልብ የደም ሥር ሕመም የመሞታቸው ዕድልም በ17 በመቶ ከፍ ያለ ነው።

የዕረፍት ሥርዓት ለሸዋ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። በ15ኛው መቶ ዓመት አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በዚሁ በሸዋ፣ በተጉለት በደብረ ምጥማቅ በተደረገው ጉባኤ ቅዳሜና እሑድ ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ አድርገዋል። ገበሬው እስከ ዛሬ በበዓል ቀን አያርስም፤ በሬውም ከሰውየው ጋር ያርፋል። ነገር ግን ገበሬው ከእርሻ ያረፈበት ቀን ወደ ከተማ የሚወጣበት ቀን ነውና፣ የገበሬው ዕረፍት ለባለሱቁ ከሁሉ የከበደ የሥራ ቀን ይሆንበታል። የሃይማኖቱ ሥርዓት ለበሬ ያስገኘውን ዕረፍት ንግዱ ለሰው ነሥቶታል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የሰዓት ብዛት ብቻም አይደለም። ሰውን የሚያዝለው በእጁ ያልሆነውን ነገር ሁልጊዜ መጠበቁ ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ፣ መንገድ ሲዘጋና ሲከፈት፣ የኢንተርኔት መሥመር ሲቋረጥ ነጋዴው የጫነው ዕቃ የት እንደ ደረሰ ሳያውቅ ያደረበት ሌሊት ብዙ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜም፣ 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። አስመጪው በአዲስ አበባ የተጨነቀበት ዋጋ ቆይቶ ራቤል ይደርሳል፤ ባለሱቁም ትናንት በሸጠበት ዋጋ ዛሬ መግዛት ያቅተዋል።

የዛለ ሰው ሁለት ቀን ተኝቶ አይድንም፤ ማገገሙ ወራት ሊፈጅ ይችላል። ያዛለው ሸክም እንዳለ ተቀምጦ ከጠበቀው ደግሞ ዕረፍቱ ከንቱ ነው። ስለዚህ ከሥራው ከፍሎ ለሌላ መስጠት የመጀመሪያው ነገር ነው። ቁልፉን ለልጁ ወይም ለሚያምነው ሠራተኛ በሳምንት አንድ ቀን አስረክቦ፣ በዚያ ቀን ስንኳ ሱቁ ደጃፍ አለመታየት ይኖርበታል፤ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው አላረፈምና። ዱቤውን ለታወቁ ደንበኞች ብቻ መወሰን፣ ዕቁብንም ገበያ በደራበት ወር ገቢ ሳይሆን በቀዘቀዘበት ወር ገቢ ልክ መግባት ይበጃል። በብዙ ቤት ከባል እኩል ሱቁን የምትይዘው ሚስት ከመሸ በኋላ ሌላ ሥራ ይጠብቃታል፤ ባል አርፎ እርስዋ የምትዝል ከሆነ ቤቱ ምንም አላተረፈም።

አንድ ባለሱቅ ብቻውን ቢዘጋ ግን ደንበኛው ወደ ጎረቤቱ ይሄዳል፤ ይህን ፍርሃት አላዋቂነት ነው ብሎ መናቅ አይገባም። መፍትሔውም ያለው በነጋዴዎች ስምምነት ነው። የራቤልና የመሰል ከተሞች ነጋዴዎች ከገበያ ቀን ውጭ በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ሁሉም አብረው ሊዘጉ ይችላሉ። ከሩቅ በእግሩ የሚመጣው ገጠሬ በሩ ተዘግቶ እንዳያገኝ ቀኑ አስቀድሞ በገበያ ይነገር፤ መድኃኒት ቤትና ወፍጮ ቤትም በተራ ይከፈቱ። አስመጪዎችና ጅምላ ሻጮች በበኩላቸው «ይህ ዋጋ እስከ ዛሬ ማታ ብቻ ነው» እያሉ በሌሊት መደወልን ትተው ለትእዛዝ የተወሰነ ቀንና ሰዓት ሊያደርጉ ይገባል። ይህን ልማድ ለመጀመር ክረምቱ የተመቸ ነው፤ በነሐሴ ጭቃና ጉም ገበያው ስለሚሳሳ፣ በዚያ ወር አንድ ከሰዓት በኋላ መዝጋት የሚያሳጣው ትርፍ ከሌላው ወር ሁሉ ያነሰ ነው።