ዓሣ የተሳለበት በርሜል

ማክሰኞ ዕለት ምሳ ልበላ ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 5 ሠፈር ገባሁ። ከኢትዮጵያ የሚመጡ ሹፌሮቻችን የሚያዘወትሯት፣ በጣውላና በቆርቆሮ የተሠራች ምግብ ቤት አለች። እጄን ልታጠብ ወደ ጓሮ ዞር ስል አንድ ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜል እስከ አፉ ውሃ ሞልቶ፣ በትሪ ተከድኖ ቆሟል። ጎኑ ላይ ግማሹ የተፋቀ ወረቀት አለ። በቀይ ጠርዝ ውስጥ አንድ የደረቀ ዛፍ፣ ከሥሩም አንድ ዓሣ ተስሏል።

«እትዬ፣ ይሄን በርሜል ከየት አመጡት?»

«ከመጋዘን እያወጡ የሚሸጡ ልጆች አሉ፤ ከእነሱ ገዛሁት። ምነው?»

«ምን እንደነበረበት ነግረውዎታል?»

«ዓሣ ነዋ ልጄ፤ ሥዕሉ አይታይህም? መጀመሪያ ይሸት ነበር። በኦሞም በበረኪናም ሦስት ቀን አጠብኩት። አሁን ምንም የለውም።»

የቀረበልኝን መብላት አልቻልኩም። ዓሣው የሞተ ዓሣ ነው። ምልክቱ ዓለም ሁሉ ኬሚካል ላይ የሚለጥፈው ነው፤ ውስጥ ያለው ነገር ውሃ ውስጥ የሚኖረውን ፍጥረት ይገድላል ማለት ነው። ከሥዕሉ ሥር የቀሩት ጥቂት ቃላት ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛ ናቸው። እኚህ ሴት አማርኛ አቀላጥፈው ያነባሉ፣ ከጎረቤት ጋር በሶማልኛ ይግባባሉ፣ ከአፋር ደንበኞቻቸውም ጋር አያንሱም። በሦስት ቋንቋ የሚኖሩ ሴት ናቸው፤ ማስጠንቀቂያው ግን በሦስቱም አልተጻፈም።

ወዲያው ትዝ ያለኝ የ2002 ጉዳይ ነው (ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ)። በዚያ ዓመት መጀመሪያ፣ ከብሪታኒያ ተጭኖ የመጣ ኬሚካል ጅቡቲ ወደብ ላይ ከነኮንቴይነሩ ማፍሰስ ጀመረ። መዳብ፣ ክሮሚየምና አርሴኒክ የተቀላቀሉበት፣ የእንጨት ምሰሶ ምስጥ እንዳይበላው የሚነከርበት መርዝ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት በየካቲት ወር ለዓለም አስታወቀ። መርዙ የተጫነበት ፕላስቲክ ለእንዲህ ያለ ጉዞ የሚበቃ አልነበረም፤ አፈሩ ተበከለ። ዕቃው የማን ነበር? የእኛ። ኢትዮጵያ ሊገባ መንገድ ላይ የነበረ ጭነት ነው።

እዚህ ዓምድ ላይ ስንት ጊዜ እንደጻፍኩት አላውቅም፤ አሁንም እጽፈዋለሁ። ጅቡቲን በር ብለን እንጠራታለን። በር ላይ ግን ሰው ይኖራል። ጭነቱ ደህና ሲሆን የእኛ ነው፤ ሲፈስ የእነሱ ይሆናል። በዚያው ዘመን፣ ከ2000 እስከ 2003 ባለው ጊዜ፣ ኢትዮጵያ በየመጋዘኑ ጊዜው አልፎ የተከማቸ 1,500 ቶን ያህል ፀረ ተባይ ኬሚካል ሰብስባ እንዲቃጠል ወደ ፊንላንድ ልካለች። የተከማቸ መርዝ ምን ያህል ሸክም እንደሆነ፣ ለማጽዳት ምን ያህል እንደሚያስከፍል የምናውቅ ሰዎች ነን ማለት ነው። እያወቅን ነው ጎረቤታችን ደጃፍ ላይ ስለፈሰሰው ነገር ልጆቻችንን ያላስተማርነው።

ረቡዕ ይህን ለአንድ ትራንዚተር ወዳጄ አጫወትኩት። «ወንድሜ፣ ለባለሙያ ተወው» አለኝ። «ሕዝብ ከነገርከው ይደነግጣል። ደግሞ ያ ራዲዮአክቲቭ አልነበረም።» ራዲዮአክቲቭ አለመሆኑ እውነት ነው። ግን ራዲዮአክቲቭ የሆነው ሴዚየም 137 ቢያንስ በየ30 ዓመቱ በግማሽ እየቀነሰ ይሄዳል። አርሴኒክ አይቀንስም። ዛሬ አፈር ውስጥ የገባው የልጅ ልጆቻችን ቆፍረው ሲያወጡትም ያው አርሴኒክ ነው። «ይደነግጣል» ለሚለው ግን ረጅም መልስ አለኝ።

አሜሪካ ውስጥ፣ በኦሃዮ ግዛት፣ ፈርናልድ የሚባል ቦታ ነበር። ከ1950ዎቹ መጀመሪያ እስከ 1989 ለኑክሌር ጦር መሣሪያ የሚሆን ዩራኒየም ይመረትበት ነበር። የፋብሪካው ስም ውስጥ «ፊድ» የሚል ቃል ነበረበት፤ ቃሉ በእንግሊዝኛ የከብት መኖ ማለትም ነው። የውሃ ማማው ደግሞ የታወቀ የመኖ ኩባንያ ምልክት በሚመስል ቀይና ነጭ ዳማ ተቀብቷል። በዙሪያው የሚያርሱ ገበሬዎች ብዙዎቹ ለዓመታት የመኖ ፋብሪካ ነው ብለው አመኑ። ዓሣ የተሳለበትን በርሜል የዓሣ ነው ብለው ከገዙት የእኛ ሴት ምን ለያቸው? የትም ይሁን የት፣ ያልተነገረው ሰው ዓይኑ ባየው ይፈርዳል።

የአካባቢው የጉድጓድ ውሃ በዩራኒየም መበከሉ በ1981 ታውቆ ነበር። ነዋሪው የሰማው በ1984 ነው። ሊሳ ክሮፎርድ የተባለች እናት ከፋብሪካው አጠገብ ቤት ተከራይታ፣ ከተበከለው ጉድጓድ ውሃ እየቀዳች ልጇን ታሳድግ ነበር። ደነገጠች። ግን በድንጋጤዋ አልቀረችም፤ ጎረቤቶቿ ካቋቋሙት ማኅበር ገብታ መሪ ሆነች፣ ፋብሪካውን ያካሂድ የነበረውን ኩባንያ ከሰሱ፣ ካሳ አስከፈሉ። ከዚያ በ1993 ነዋሪዎች የተካተቱበት አማካሪ ቡድን ተቋቋመ። ካርታ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ፣ ቆሻሻውን የሚወክሉ ጠጠሮች ተሰጥተዋቸው፣ «የትኛው የት ይሂድ?» ተባሉ።

ወዳጄ እንዲሰማ የምፈልገው ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ነው። ሁሉንም ጠራርጋችሁ ውሰዱልን አላሉም። ብዛት ያለው፣ ጉዳቱ ዝቅተኛ የሆነው ቆሻሻ እዚያው፣ በራሳቸው ሠፈር፣ በጥንቃቄ በተሠራ ማኖሪያ እንዲቀበር ተስማሙ፤ እጅግ አደገኛው ብቻ ርቆ እንዲሄድ ጠየቁ። ያንን ሁሉ መርዝ ጭኖ በሌላው ሰው መንደር ማሳለፍም አደጋ መሆኑን አስበው ነው። ጽዳቱ፣ ከከርሰ ምድር ውሃው በስተቀር፣ 4.4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ፈጅቶ በ2006 ተጠናቀቀ፤ ዛሬ ወፍ የሚታይበት ሜዳ ነው። ርቆ ከሄደው አደገኛ ቆሻሻ መካከል ከኮንጎ፣ ከሺንኮሎብዌ ማዕድን የወጣ የዩራኒየም አፈር ዝቃጭ ይገኝበታል። የአፍሪካ አፈር ነው። ኦሃዮ ውስጥ ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ስለ እሱ ሲመክሩ፣ አፈሩ ከወጣበት ሠፈር የተጠራ አልነበረም።

ሌላም ሴት ላንሳ። በ1987 ብራዚል፣ ጎያኒያ ከተማ፣ ቁራሌው የምንላቸውን የመሰሉ ብረት ለቃሚዎች ከተዘጋ ክሊኒክ የጨረር ሕክምና መሣሪያ ነቅለው ወሰዱ። ውስጡ ሴዚየም ነበር። በጨለማ ሰማያዊ ብርሃን የሚሰጥ ዱቄት ስለሆነ ሰው እየተቀባበለ አየው፣ ልጆች ገላቸውን ተቀቡት። ሰው መታመም ሲጀምር ሐኪሞች የቆላ በሽታ መሰላቸው። ነገሩን ከዚያ ብረት ጋር ያገናኘችው የብረት መጋዘኑ ባለቤት ሚስት፣ ማሪያ ጋብሪኤላ ናት። የቀረውን በከረጢት አስይዛ፣ በከተማ አውቶቡስ ተሳፍራ፣ ጤና ቢሮ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። ከወር በታች በሆነ ጊዜ ውስጥ ሞተች። አራት ሰው ሞተ፣ 249 ሰው ተበከለ፣ ከ112,000 በላይ ሰው ተመረመረ። እሷ ባታመጣው ቁጥሩ የት ይደርስ ነበር? መሣሪያም ማዕረግም አልነበራትም። ባለሙያ ያላየውን አይታለች፤ ምክንያቱም የታመሙት የራሷ ሰዎች ናቸው።

ምልክትን በተመለከተም ዓለም ቀስ እያለ የተማረው ነገር አለ። ሦስት ክንፍ ያለውን ቢጫ የጨረር ምልክት ብዙ ሰው እንደማይረዳው ሲታወቅ፣ ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ በ2007 ሌላ አወጣ፤ ቀይ መደብ፣ የራስ ቅል፣ የሚሮጥ ሰው። ከመውጣቱ በፊት በ11 አገሮች 1,650 ሰዎችን «ይሄ ምን ይመስላችኋል?» ብለው ጠየቁ። ማድረግ የነበረባቸው እሱን ነው፤ አደረጉት። የበርሜሉን ዓሣ ግን ካርቲየ 5 መጥቶ ያሳየና የጠየቀ የለም።

ስለ ወደብ ልጽፍ ተነስቼ ሐሳቤ ወደ ውሃው እየጎተተኝ ነው። ጅቡቲ የምትጠጣው አንዱ ውሃ ከእኛ ነው የሚመጣው፤ ከአዲጋላ ጉድጓዶች ወጥቶ 100 ኪሎ ሜትር ያህል በቧንቧ ይወርዳል፣ ከ2017 ጀምሮ። ኢትዮጵያ በነፃ የሰጠችው ነው፤ በዚህ እኮራለሁ። ነገር ግን ቧንቧ ሁልጊዜ አይፈስም፣ በዚህ ሙቀት ደግሞ ውሃ ሳያጠራቅሙ አይኖርም። ስለዚህ የአዲጋላ ንጹሕ ውሃ ካርቲየ 5 ሲደርስ፣ ምናልባት ወደ አገራችን ኬሚካል ባመላለሰ በርሜል ውስጥ ያድራል። አንድ እጃችን የሰጠውን ሌላው እጃችን እየመረዘው ይሆን የሚለው ሐሳብ ከማክሰኞ ጀምሮ እንቅልፍ ነስቶኛል።

ስለዚህ ዕቃ የምታስመጡ ወገኖቼ፣ በርሜሉ ላይ አማርኛም ሶማልኛም አፋርኛም ይጻፍበት። ባዶው የት እንደሚገባ ተከታተሉ። ጭነት ሲፈስ ደግሞ መጀመሪያ የሚነገራቸው አጥሩ ሥር የሚያድሩት ይሁኑ፤ ጽዳቱ ሲታቀድም ይጠሩ።

ሐሙስ ተመልሼ ሄድኩ። የተለጠፈው ወረቀት ምን እንደሚል ለአንድ ኬሚስት አስነብቤ ነበርና የነገረኝን ለሴትየዋ አስረዳኋቸው። ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ «ታዲያ ውሃውን በምን ላጠራቅመው?» አሉኝ። ለዚህ መልስ ይዤ አልሄድኩም ነበር። ሁለት ጀሪካን ገዛን። በርሜሉን ለሌላ እንዳይሸጥ ሥሩን በመጥረቢያ ሰነጠቁት።

ልጆቹን ፈልጌ ልገሥጽ ስነሳ ከለከሉኝ። «አትቆጣቸው ልጄ። ከየትኛው መጋዘን እንደሚወጣ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ከተቆጣሃቸው ይጠፋሉ፤ በርሜሉ ግን አይጠፋም።» ልጆቹን ራሳቸው ጠርተው ሻይ አፈሉላቸው። ለማን ለማን እንደሸጡ አንድ በአንድ አስቆጠሯቸው።

ዓርብ ጠዋት፣ ሙቀቱ ሳይበረታ፣ ነጠላቸውን ተከናንበው ወጡ። ከልጆቹ አንዱ ከፊት ይመራል፤ እኔ ወረቀቱን ይዤ ከኋላ እከተላለሁ። በየቤቱ ሲደርሱ ውሃው የተከደነበትን እያስገለጡ፣ ዓሣው ላይ ጣታቸውን አድርገው፣ በሶማልኛ አንዲት ቃል ይላሉ። ሰባተኛው ቤት ስንደርስ የቤቷ ልጅ፣ ስምንት ዓመት ቢሆናት ነው፣ ቃሏን ቀድማ ይዛ ጠበቀችን፤ «ሱን» አለች፣ መርዝ።