የድሮ ኮምፒዩተር ሥዕሎችን ወደ አዲስ ስክሪን ለምታሻግሩ ሁሉ የቀረበ ማሳሰቢያ

ይህ ማሳሰቢያ የሚመለከታቸው ብዙ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ በኮሞዶር፣ በአሚጋ ወይም በዶስ ፒሲ የተሣሉ ሥዕሎችን ከፍሎፒ እያወጣችሁ ወደ ዛሬ ፋይል የምትለውጡ፣ እነዚያኑ በመጽሐፍና በኤግዚቢሽን የምታቀርቡ፣ ሙዚየምና ቤተ መዛግብት የምትመሩ፣ ምስል መክፈቻ ሶፍትዌር የምትሠሩ፣ ሁላችሁንም ይመለከታል። ድካማችሁ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን በቅን ልቦና እየተፈጸመ ያለ አንድ ጥፋት አለ። ፋይሉ ይከፈታል፤ ቀለሙ ደህና ነው፤ የጎደለ ነገር ያለ አይመስልም። ሆኖም ስክሪኑ ላይ የሚታየው ሠዓሊው የሣለው ሥዕል አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዛሬ በስልካችንና በላፕቶፓችን ላይ ያለው ፒክስል፣ ማለትም ምስል የሚሠራበት እያንዳንዱ ነጥብ፣ ወርዱና ቁመቱ እኩል ነው። የያኔው እንዲህ አልነበረም። የዶስ ዘመን ጨዋታዎችና ሥዕሎች በብዛት የተሠሩት ወርዱ 320፣ ቁመቱ 200 ነጥብ በሆነ ምስል ነው። የሞኒተሩ መስታወት ደግሞ ወርዱ 4 ከሆነ ቁመቱ 3 ነበር። ምስሉ መስታወቱን ከዳር እስከ ዳር እንዲሞላ የእያንዳንዱ ነጥብ ቁመት ከወርዱ በአንድ አምስተኛ መብለጥ ነበረበት። ሠዓሊው ፀሐይ ሲሥል ወርዷን 120፣ ቁመቷን 100 ነጥብ ያደርጋታል፤ ፊት ለፊቱ ባለው መስታወት ላይ ክብ ሆና ትታየዋለች። ያንኑ ፋይል ዛሬ እንዳለ ስትከፍቱት ፀሐይዋ ሞላላ ትሆናለች። ሰዎቹ አጥረው ይሰፋሉ፤ ፊታቸው ይደፈጠጣል፤ ማማው ዝቅ ይላል። ከሥዕሉ ቁመት አንድ ስድስተኛው ጠፍቷል ማለት ነው።

የዚህ ስሕተት አደጋ ትንሽ መሆኑ ላይ ነው። በኮሞዶር 64 ባለ ብዙ ቀለም ሥዕሎች ላይ የነጥቡ ወርድ የቁመቱ እጥፍ ያህል ነው፤ 160 በ200 የሆነውን ፋይል እንዳለ የከፈተ ሰው ሁሉ ነገር በግማሽ ያህል ቀጥኖ ስለሚያይ ወዲያው ይነቃል። የዶሱን መዛባት ግን ዓይን ይለምደዋል። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣውን ዱም የተባለ ጨዋታ ባልተስተካከሉ ቅጂዎች ብቻ ያየ ወጣት ጭራቆቹ ከመጀመሪያውም ድፍጥጥ ያሉ ይመስሉታል። ቆይቶም የተስተካከለውን ሲያሳዩት «ይሄ ተለጥጧል» ብሎ ይከራከራል።

የዚያ ዘመን ባለሙያዎች ይህን ሳያስቡበት አልቀሩም። እ.ኤ.አ. በ1985 ኤሌክትሮኒክ አርትስ የዳን ሲልቫን የሥዕል ፕሮግራም ዴሉክስ ፔይንትን ለአሚጋ ሲያወጣ፣ ሥዕሉ የሚቀመጥበት የፋይል ዓይነት ከመነሻው ለነጥቡ ቅርጽ ሁለት ቁጥሮች ተመድበውለት ነበር። ለ320 በ200 ምስል የተሰጡት ቁጥሮች 10 እና 11 ናቸው፤ ነጥቡ 10 ቢሰፋ 11 ይረዝማል ማለት ነው። ልብ በሉ፤ የምስሉ መጠን ያው 320 በ200 ሆኖ ሳለ የፒሲው ምጥጥን 5 ለ6 ነው። ስለዚህ መጠኑን ብቻ አይቶ መገመት አያዋጣም። እ.ኤ.አ. በ1989 የተሻሻለው ጂፍ የተባለው የምስል ፋይል ዓይነትም ሆነ ከእሱ በኋላ የመጣው ፒኤንጂ የነጥቡን ቅርጽ የሚመዘግቡበት ቦታ አላቸው። ቦታው አለ፤ የሚያነበው ግን የለም ማለት ይቀላል። የኢንተርኔት ማሰሻዎች ያልፉታል፤ አብዛኞቹ መክፈቻዎችም እንዲሁ። ሶፍትዌር የምትሠሩ ወገኖች፣ ይህን ማንበብ ከባድ ሥራ አይደለም። ቢያንስ ምስሉ ሲከፈት ለተጠቃሚው ማሳወቅ ይገባችኋል።

ይህን የሰማ ቅን ሰው ደግሞ ተነሥቶ ያለውን ፋይል ሁሉ በጅምላ ሊለጥጥ ይችላል። እሱም ጥፋት ነው። ዴሉክስ ፔይንት «ቢ ስኩዌር» የሚባል ምርጫ ነበረው፤ ከተከፈተ ፕሮግራሙ የነጥቡን ቅርጽ አስቦ ይሥላል፣ ካልተከፈተ አያስብም። ከፎቶ ተነሥተው የገቡ፣ ከአንዱ ኮምፒዩተር ወደ ሌላው ሳይስተካከሉ የተዛወሩ ሥዕሎችም አሉ። አንዳንድ ፕሮግራሞችም በፋይሉ ራስጌ ላይ የተሳሳተ ቁጥር ይጽፉ ነበር። ስለዚህ ከመንካታችሁ በፊት በሥዕሉ ውስጥ ክብ መሆን ያለበትን ነገር ፈልጉ፤ የመኪና ጎማ፣ ሙሉ ጨረቃ፣ የግድግዳ ሰዓት። ወርዱንና ቁመቱን በነጥብ ቁጠሩ። በአንድ ሥዕል ብቻ አትፍረዱ፤ የዚያኑ ሠዓሊ ሌሎች ሥራዎችም ተመልከቱ። አሰልቺ ነው፤ ግን ሌላ አማራጭ የለም።

ከሁሉ የከፋው ዋናውን መጣል ነው። 320 በ200 የሆነ ሥዕል ነጥቦቹ እንዲለሰልሱ ተደርጎ ወደ 320 በ240 ከተለጠጠ በኋላ በጄፔግ ከተቀመጠ፣ ሠዓሊው አንድ በአንድ ያኖራቸው ነጥቦች ተደባልቀዋል፤ ማንም መልሶ አይለያቸውም። ሳይለጠጥ ወደ ፒኤንጂ የተገለበጠውም ቢሆን ነጥቦቹ ይተርፋሉ እንጂ ከየትኛው ኮምፒዩተር እንደመጣ የሚናገረው መረጃ ይጠፋል።

በተቃራኒው የተሠራውን እንይ። አሜሪካዊው ሠዓሊ አንዲ ዋርሆል እ.ኤ.አ. ሐምሌ 23 ቀን 1985 ኒውዮርክ በሚገኘው ሊንከን ሴንተር፣ የአሚጋ ማስተዋወቂያ ላይ፣ ዘፋኟን ዴቢ ሃሪን በኮምፒዩተር ሥሏል። ሌሎች የአሚጋ ሥዕሎቹ ፒትስበርግ በሚገኘው በስሙ በተሰየመው ሙዚየም በፍሎፒ ተቀምጠው ቆዩ፤ የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር ክበብ አባላት አውጥተዋቸው እ.ኤ.አ. በ2014 ይፋ ሆኑ። ፋይሎቹ የዛሬ ፕሮግራም የማያውቃቸው ዓይነት ስለነበሩ አከፋፈታቸውን ፈልጎ ማግኘት አስፈልጓል። ዲስኮቹ ባይጠበቁ የሚፈለግ ነገር አይኖርም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 አምስቱ ሥራዎች በክሪስቲስ ጨረታ ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሲሸጡ፣ ለገዢው የቀረቡት ፋይሎች እጅግ የገዘፉ ቅጂዎች ናቸው የሚል ትችት ተነሥቷል። ዝናና ገንዘብ ባለበት ቦታ እንኳ ዋናው የቱ ነው የሚለው ጥያቄ እንዲህ ካከራከረ፣ ስም የሌለው ሠዓሊ ዲስክ ምን ተስፋ አለው?

ጉዳዩ ከእኛም ቤት ይገባል። ኢትዮጵያ ስትጠቀምበት የነበረው የቴሌቪዥን ሥርዓት ፓል ነው፤ አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ሠርግና ክርስትና ያስቀረጹት በኤንቲኤስሲ ነው። ካሴቱ ዲጂታል ሲሆን ፓሉ 720 በ576፣ ኤንቲኤስሲው 720 በ480 ይሆናል። ሁለቱም ነጥባቸው እኩል አይደለም። ኤንቲኤስሲው እንዳለ ሲታይ ሙሽራዋ በአንድ ስምንተኛ ትሰፋለች። ሰፊውን የዛሬ ስክሪን ለመሙላት 4 ለ3 የነበረው ወደ 16 ለ9 ከተለጠጠ ደግሞ ሁሉም ሰው በአንድ ሦስተኛ ይሰፋል። አባቷን በዚያ ካሴት ብቻ የምታውቅ ልጅ ያን ፊት የአባቴ ፊት ብላ ትይዛለች። የቴሌቪዥን ጣቢያና የቤተ መዛግብት ኃላፊዎች፣ የድሮ ፊልምና ካሴት ወደ ዲጂታል ስታስለውጡ የምስሉ ምጥጥን እንዲጠበቅና በጽሑፍ እንዲመዘገብ በውሉ ላይ አስገቡ። ሥራውን ስትረከቡም ሩቅ ሳትሄዱ የአንድ ሰዓት ወይም የአንድ ጎማ ክብነት አረጋግጡ።

ወደ ኮምፒዩተር ሥዕሎቹ እንመለስ። የዲስኩን ሙሉ ቅጂ አስቀድማችሁ አውጡና ለብቻው አስቀምጡ፤ እሱን ማንም አይንካው። ለማሳያ ሌላ ቅጂ ሥሩ። የዶሱን 320 በ200 ወርዱን 5 ጊዜ፣ ቁመቱን 6 ጊዜ ብታባዙት 1600 በ1200 ይሆናል፤ አንድም ነጥብ ሳይደበዝዝ ትክክለኛ ቅርጹን ይይዛል። ከጎኑ በየትኛው ኮምፒዩተር እንደተሣለ፣ ምን እንደለወጣችሁና ለምን እንደለወጣችሁ ጻፉ። እስካሁን የለወጣችሁት ካለም መለስ ብላችሁ መርምሩት፤ እስክታረጋግጡ ድረስ ግን አንድም ዋና ፋይል አትሰርዙ፣ አንድም ዲስክ አትጣሉ።