«ሁሉንም ተካ» ለነጥብ እንጂ ለፊደል አይሁን

የአማርኛ መመረቂያ ጽሑፍ ሲታረም አድካሚው ሥራ የነጥብና የፊደል ዝብርቅርቅን ማጥራት ነው። በላይብረኦፊስ ራይተር የመፈለጊያና መተኪያ መስኮት «ሬጉላር ኤክስፕሬሽን» የሚለው አማራጭ ሲመረጥ ድካሙ ይቀላል። ብዙዎች በአራት ነጥብ ፈንታ ደጋግመው የሚመቱትን ሁለት ነጥብ «፡ *፡» ብሎ ፈልጎ በ«።» መተካት የአፍታ ሥራ ነው፤ በመካከል ክፍተት ቢገባ እንኳ አያመልጥም። «[ጸፀ][ሀሃሐሓኀኃ]ይ» የሚለው አንድ መስመርም «ፀሐይ» የሚጻፍባቸውን 12 መንገዶች በአንድ ፍለጋ ያወጣል።

አደጋው ከመፈለግ ሳይሆን በጅምላ ከመተካት ይመጣል። በግእዝ «ሠዐለ» ሥዕል ሣለ፣ «ሰአለ» ደግሞ ለመነ ማለት ነው፤ «ሠ»ን በ«ሰ»፣ «ዐ»ን በ«አ» የሚለውጥ ትእዛዝ ሁለቱን አንድ ያደርጋቸዋል። ከዚህ የከፋው ግን ትእዛዙ ትምህርተ ጥቅስን አለማክበሩ ነው። ከብራና ቃል በቃል የተቀዳውን ንባብ፣ በዋቢ ዝርዝር የሰፈረውን የደራሲ ስም ሳይቀር ይለውጣል። ፈታኙም ጥቅሱን ከምንጩ ጋር ካላስተያየ ለውጡን አያየውም። የሞክሼ ፊደላት እርማት፣ ጽሑፉ የቱንም ያህል ቢረዝም፣ እያንዳንዱ ቃል እየታየ አንድ በአንድ ሊከናወን ይገባል።