የተደበቀ ኪሳራ አይካካስም

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ አባቶቻችን። አባባሉ የተነገረው ስለ ሕመም ቢሆንም በዚህ እትም ለምናነሳው የገንዘብ ጉዳይ ከእርሱ የተሻለ መግቢያ አላገኘንም። ጉዳዩ በአክሲዮን፣ በቦንድ ወይም በ«ኬረን ኔኤማኑት» ላይ የደረሰ ኪሳራ፣ በሌላ ትርፍ ላይ ከሚከፈለው ግብር ጋር የሚካካስበት መንገድ ነው። በዕብራይስጥ «ኪዙዝ ሄፍሴዲም» ይባላል።

ክቡራን አንባቢያን! ገና ርዕሱን ሲያዩ «እኛን ከአክሲዮን ጋር ምን አገናኘን? የቤት ኪራይና የልጆች ትምህርት መች አለቀና?» የሚሉ እንደሚኖሩ እናውቃለን። ጥያቄው ተገቢ ነው። ዛሬም ብዙ ወገኖቻችን በፅዳት፣ በጥበቃና በፋብሪካ ሥራ ደክመው የሚያድሩ ናቸው። ነገር ግን ኅብረተሰባችን በ1984 ወይም በ1991 ዓ.ም. ከአውሮፕላን ሲወርድ እንደነበረው አይደለም። ልጆቻችን ከሠራዊት ሲመለሱ የተሰጣቸውን ገንዘብ፣ ወላጆች ለቤት መግዣ ያጠራቀሙትን፣ ጡረተኞች ከሥራ ሲሰናበቱ የተቀበሉትን ካሳ ወደ ባንክ ይወስዳሉ። ባንክ ውስጥ የተቀመጠው ፓኪድም «ገንዘቡ ዝም ብሎ ከሚተኛ ኬረን ኔኤማኑት ግዙ» ይላል። እነርሱም ይፈርማሉ። በዚያች ቀን ሳያውቁት የግብር ሕግ ውስጥ ገብተዋል።

በቅርቡ አንድ ወጣት ወረቀቱን ይዞ ወደ እኛ መጥቶ ነበር። በአንድ ባንክ ያተረፈው ትርፍ ላይ ግብር ተቆርጦበታል። በዚያው ዓመት በሌላ ባንክ የነበረው ገንዘብ ደግሞ ከስሯል። «ያተረፍኩትን ወሰዱብኝ፣ የከሰርኩትን ግን ማንም አልጠየቀኝም» አለን። ስለ ኪሳራው ለእናቱም ቢሆን አልነገረም፤ አፍሮ ነበር። እኛም ያለነው፣ «ማንም አልጠየቀህም፤ ምክንያቱም መናገር ያለብህ አንተ ነህ» ነው።

ነገሩን ከሥሩ እናስረዳ። ቀድሞ አንድ ግለሰብ በቴል አቪቭ የአክሲዮን ገበያ ባገኘው ትርፍ ላይ ግብር አይከፍልም ነበር። ከጥር 1 ቀን 2003 ጀምሮ ግን 15 በመቶ ተጣለ። በ2006 ወደ 20 በመቶ፣ በ2012 ደግሞ ወደ 25 በመቶ ከፍ አለ። በአንድ ኩባንያ ውስጥ ከፍተኛ ድርሻ ላለው ባለ አክሲዮን 30 በመቶ ነው። ግብሩ «ማስ ሪቭሔ ሆን» ይባላል። የሚቆረጠውም የዋጋ ንረቱ ከተቀነሰ በኋላ በሚቀረው እውነተኛ ትርፍ ላይ ሲሆን፣ ባንኩ ራሱ ገና ከምንጩ ቆርጦ ለመንግሥት ያስገባል። ስለዚህ መንግሥት ድርሻውን ለመውሰድ ማንንም አይጠብቅም።

ሕጉ ግን ሌላ ፊትም አለው። መንግሥት በትርፋችን ተካፋይ ከሆነ፣ ግብሩን ሲያሰላ ኪሳራችንንም መቁጠር አለበት። የገቢ ግብር ድንጋጌ አንቀጽ 92 የሚለው ይህንኑ ነው፤ በግብር ዓመቱ ውስጥ የደረሰ የካፒታል ኪሳራ በዚያው ዓመት ከተገኘ የካፒታል ትርፍ ላይ ይቀነሳል፣ ግብሩም በቀሪው ላይ ብቻ ይታሰባል።

በቁጥር እንየው። አንድ ሰው በአንደኛው ባንክ 8,000 ሸቀል አተረፈ እንበል። ባንኩ 25 በመቶ፣ ማለት 2,000 ሸቀል ቆረጠ። ይኸው ሰው በዚያው ዓመት በሁለተኛው ባንክ 6,000 ሸቀል ከሰረ። ዓመቱ ሲጠቃለል እውነተኛ ትርፉ 2,000 ሸቀል ብቻ ነው። የዋጋ ንረቱን ለጊዜው ብንተወው፣ ሊከፍል የሚገባው ግብር 500 ሸቀል ነው። 1,500 ሸቀል ያለ አግባብ በመንግሥት እጅ ቀርቷል ማለት ነው። ትርፉም ኪሳራውም በአንድ ባንክ በአንድ ሒሳብ ውስጥ ቢሆን ኖሮ ባንኩ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ራሱ ያካክስለት ነበር። ሁለት ባንኮች ግን አይነጋገሩም። የሚያገናኛቸው ባለ ገንዘቡ ለግብር ቢሮ የሚያቀርበው ዓመታዊ «ዶሕ» ብቻ ነው።

አሁን ብዙዎች የማያውቁትንና ብዙ ገንዘብ የሚያስቀረውን ነጥብ እንናገር። አንድ ሰው በአንድ ዓመት ከስሮ ምንም ትርፍ ባይኖረው ኪሳራው አይጠፋም። ወደሚቀጥሉት ዓመታት ይሸጋገራል፤ ለዚህም የዓመታት ገደብ የለውም። ነገር ግን ኪሳራው ለደረሰበት ዓመት ሪፖርት መቅረብ አለበት። ባንኩ ኪሳራውን ወደ ሚቀጥለው ዓመት አያሸጋግርም፤ ታኅሣሥ 31 ሲያልፍ የባንኩ ሒሳብ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። ዘንድሮ 10,000 ሸቀል የከሰረ ሰው በሚቀጥለው ዓመት 10,000 ሸቀል ቢያተርፍ፣ ባንኩ ያለ ምንም ጥያቄ 2,500 ሸቀል ይቆርጥበታል። የኪሳራውን ዓመት ሪፖርት ያቀረበ ሰው ያንን ገንዘብ መልሶ ይጠይቃል፤ ዝም ያለው ግን ሁለት ጊዜ ይከስራል።

ይሁን እንጂ የሌለውን ተስፋ መስጠት አንፈልግም። ኪሳራ ሁሉ አይካካስም። ሊታወቁ የሚገባቸው ገደቦች እነዚህ ናቸው።

አንደኛ፣ ኪሳራ የሚባለው ሲሸጥ ብቻ ነው። የአክሲዮኑ ዋጋ በወረቀት ላይ ስለወረደ ብቻ ለግብር ኪሳራ አይቆጠርም።

ሁለተኛ፣ ኪሳራ ወደፊት ይሄዳል እንጂ ወደ ኋላ አይመለስም። አምና ያተረፈና ዘንድሮ የከሰረ ሰው የአምናውን ግብር ሊያስመልስ አይችልም።

ሦስተኛ፣ የአክሲዮን ኪሳራ ከደመወዝ ግብር ላይ አይቀነስም። በአሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን በዓመት እስከ 3,000 ዶላር ድረስ ከሌላ ገቢያቸው ላይ መቀነስ እንደሚችሉ ሲነግሩን የእኛም እንዲሁ የሚመስላቸው አሉ። እዚህ እንደዚያ አይደለም። በዚያው ዓመት ከሌሎች የገንዘብ ሰነዶች ከተገኘ የትርፍ ክፍፍልና ወለድ ጋር፣ የግብሩ መጠን ከ25 በመቶ ካልበለጠ ሊካካስ ይችላል። ወደ ሌላ ዓመት የተሸጋገረ ኪሳራ ግን ከካፒታል ትርፍ ጋር ብቻ ነው የሚካካሰው። በባንክ የተቀመጠ «ፒካዶን» የሚያስገኘው ወለድም እዚህ ውስጥ አይገባም።

አራተኛ፣ ቢተረፍ ኖሮ ግብር የማይከፈልበት ነገር ቢከስር ኪሳራው አይታወቅም። ሕጉ ሚዛኑን የሚጠብቀው በዚህ ነው። ለምሳሌ ስድስት ዓመት የሞላው «ኬረን ሂሽታልሙት» በተፈቀደው ጣሪያ ውስጥ ከሆነ ትርፉ ከግብር ነፃ ነው፤ ስለዚህ በውስጡ የደረሰውን ኪሳራ ለግብር ቢሮ ማቅረብ አይቻልም።

አምስተኛ፣ ሰነድ የሌለው ኪሳራ በግብር ቢሮ ፊት እንዳልነበረ ይቆጠራል። «እጥፍ አድርጌ እመልስልሃለሁ» ላለ ሰው በእጅ የተሰጠ ገንዘብ የልብ ቁስል እንጂ የግብር ማካካሻ አይሆንም።

ከሁሉም በላይ ደግሞ ይህ ነገር ኪሳራን ትርፍ አያደርግም። ከእያንዳንዱ 100 ሸቀል ኪሳራ ቢበዛ 25 ሸቀል ግብር ያስቀራል፤ 75ቱ ሄዷል። ስለዚህ «ብከስርም ከግብር ይቀነስልኛል» ብሎ ሳያውቁ ገበያ መግባት ሞኝነት ነው።

ታዲያ ምን ማድረግ ይገባል? ገንዘቡ በሁለት ወይም በሦስት ባንክና የኢንቨስትመንት ድርጅት ያለ ሰው በየዓመቱ መጀመሪያ ከእያንዳንዳቸው «ቶፌስ 867» ይጠይቅ። በዓመቱ የነበረው ትርፍ፣ ኪሳራና የተቆረጠው ግብር በዚያ ወረቀት ላይ ተጽፎ ይገኛል። ተቀጣሪ ከሆነ ከአሠሪው «ቶፌስ 106» ይውሰድ። በእነዚህ ላይ ስለ ገንዘብ ሰነዶች የሚሞላው «ቶፌስ 1322» ተጨምሮ ከዓመታዊ ሪፖርቱ ጋር ለ«ፓኪድ ሹማ» ይቀርባል። ያለፈው ጊዜ ያመለጣቸውም ተስፋ አይቁረጡ። በትርፍ የተከፈለን ግብር የግብር ዓመቱ ካለቀ በኋላ እስከ ስድስት ዓመት ድረስ መጠየቅ ይቻላል። ስድስቱ ዓመት ካለፈ ግን በሩ ይዘጋል።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። በስልክ እየደወሉ «ግብር እናስመልስላችኋለን» የሚሉ አሉ። ከመካከላቸው በቅንነት የሚሠሩ ይኖራሉ፤ ነገር ግን ከሚመለሰው ገንዘብ ስንት እጅ እንደሚወስዱ ሳታነቡ፣ ያነበባችሁትንም ሳትረዱ አትፈርሙ። አባቶቻችንና እናቶቻችን ወደዚህ አገር በመጡ ጊዜ የማያነቡትን ወረቀት ስንት ጊዜ እንደፈረሙ እናስታውሳለን። ያ ዘመን እንዲደገም መፍቀድ የለብንም።

ይህን ሁሉ ስንል ጥፋቱን በወገኖቻችን ላይ ብቻ ለመጣል አይደለም። ሥርዓቱ ራሱ የተሠራው «ሮኤ ሔሽቦን» ላለው ሰው ነው። ሲወስድ በራሱ ፈቃድ ይወስዳል፤ ሲመልስ ግን ማመልከቻ፣ ቅጽና ዕብራይስጥ ይጠይቃል። ባለ ጠጋው ለአንዲት ሸቀል ኪሳራ እንኳ ባለሙያ ይልካል። ሌሊት ሲጠብቅ አድሮ ጥቂት ሺህ ሸቀል ያጠራቀመው ወገናችን ግን መብቱን ሳያውቅ የግብር ዓመቱ ያልፍበታል። ሕጉ ለሁለቱም እኩል ተጽፏል፤ እኩል ግን አይደርስም። የእኛ ቅሬታ በዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ የግብር ባለሥልጣን እንዲህ ያሉ መብቶችን በአማርኛና በትግርኛ፣ ማንበብ ለማይችሉም በቃል እንዲያስረዳ እንጠይቃለን። ባንኮች ኬረን ኔኤማኑት ሲሸጡ ትርፉን ብቻ ሳይሆን ኪሳራ ሲደርስ ምን እንደሚደረግም በግልጽ እንዲናገሩ እንጠይቃለን። ኮምፒዩተር ግብራችንን በቅጽበት መቁረጥ ከቻለ፣ በሁለት ባንክ መካከል ያለውን ትርፍና ኪሳራ ደምሮ መመለስስ ለምን ያቅተዋል?

ከራሳችንም የምንጠይቀው አለ። በሒሳብና በሕግ ትምህርት የተመረቁ ልጆች አሉን። በየከተማው በወር አንድ ምሽት ተቀምጠው የሽማግሌዎችን ወረቀት ቢያዩ ብዙ ገንዘብ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። ወጣቶችም ለወላጆቻችሁ ደብዳቤ ስታነቡ «ምንም አይደለም» ብላችሁ አታልፉ፤ ከባንክ የመጣ ከሆነ 867 የሚል ቁጥር እንዳለበት ተመልከቱ። የከሰራችሁ ደግሞ አትፈሩ፤ መክሰር ሌብነት አይደለም። ከጎረቤት ብትደብቁት ክብራችሁን ጠበቃችሁ ይባል ይሆናል፤ ከግብር ቢሮ ብትደብቁት ግን የጎዳችሁት ራሳችሁን ነው።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ይህን የሕግ ሸክም ተካፍለን እንሸከመው። ወረቀቶቻችሁን ከመሳቢያ አውጡ፣ ዓመቶቹን ቁጠሩ፣ ጠይቁ። በየዓመቱ ታኅሣሥ 31 ሲያልፍ አንድ የግብር ዓመት ከስድስቱ ውጭ ይወድቃል፤ የወደቀውን ዓመት የሚያነሳው የለም።